የአዝማሪ ጨዋታ ታዳሚ

የአዝማሪ ጨዋታ ታዳሚ አዝማሪ በሚጫወትበት ቦታ ተገኝቶ በግጥም፣ በሽልማት፣ በእስክስታ፣ በእልልታ፣ በሳቅ ወይም በዝምታ ምላሽ የሚሰጥ ሰው ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ፣ በተለይም በጎንደርና በዙሪያው ባሉት በወገራ፣ በዳባት፣ በደባርቅና በሰሜን ተራሮች ግርጌ በሚገኙ ከተሞችና መንደሮች፣ ታዳሚው ከጨዋታው ውጪ ሆኖ የሚመለከት እንግዳ አይደለም። ከሚዘፈነው ግጥም ከፊሉን የሚያቀብለው፣ የጨዋታውን ርዝመት የሚወስነውና ለአዝማሪው የዕለት ገቢውን የሚሰጠው እሱ ነው። በዚህ ምክንያት የአዝማሪ ጨዋታ ያለ ታዳሚ ምላሽ ሙሉ አይሆንም ይባላል። በታሪክም የታዳሚው ምላሽ አዝማሪን ያስከበረበትና ያስገደለበት ጊዜ አለ።

ስያሜ

«አዝማሪ» የሚለው ቃል ዘመረ ከሚለው የግዕዝ ግስ የመጣ ሲሆን የጥንት ትርጉሙ የሚያመሰግን፣ የሚዘምር ማለት ነው። በአማርኛ ግን ቃሉ ከቤተ ክርስቲያን መዝሙር ተለይቶ ማሲንቆ ወይም ክራር እየመታ የሚዘፍንን ባለሙያ መጥሪያ ሆኗል። ከጊዜ በኋላ ነቃፊ፣ ሐሜተኛ ወይም ለማኝ የሚል የንቀት ስሜትም ስለ ተጨመረበት አንዳንድ ባለሙያዎች «የባህል ሙዚቀኛ» ወይም «ድምፃዊ» መባልን ይመርጣሉ።

የአዝማሪ ሥራ በአማርኛ «ጨዋታ» ይባላል። አዝማሪው «ይጫወታል»፣ ታዳሚውም «ተጫወት» እያለ ያበረታታዋል። ጨዋታ የሚለው ቃል ወግንም፣ ቀልድንም፣ ሙዚቃንም አንድ ላይ የሚይዝ ስለሆነ በተጫዋቹና በሰሚው መካከል የሚደረገውን ምልልስ በሚገባ ይገልጻል።

አካባቢው

ደባርቅ ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ዳባት ደግሞ በዚሁ መንገድ ላይ በጎንደርና በደባርቅ መካከል ትገኛለች። መንገዱ ከደባርቅ አልፎ የሊማሊሞን ገደል እየተጠማዘዘ ወደ አዲ አርቃይና ወደ ትግራይ ይወርዳል። ይህ መስመር ከጥንት ጀምሮ ከምጽዋ ወደ ጎንደር የሚመጡ ነጋዴዎችና መንገደኞች የሚያልፉበት ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1770 ወደ ጎንደር የገባው የሊማሊሞን ዳገት ወጥቶ ነው።

ገበያ፣ የመንገደኛ ማረፊያ፣ ጠላ ቤትና አረቄ ቤት ባለበት ሁሉ የአዝማሪ ሥራ ስላለ የዚህ መንገድ ከተሞች ለተንቀሳቃሽ አዝማሪዎች ተስማሚ ሆነው ቆይተዋል። በጎንደር ዙሪያ የአዝማሪ ቤተሰቦች ተሰባስበው የሚኖሩባቸው መንደሮች አሉ፤ ከእነዚህም መካከል በተመራማሪዎች ጽሑፍ የሚጠቀሰው ቡርቧክስ ይገኝበታል። ልጆች ሙያውን የሚማሩት ከአባታቸው፣ ከአጎታቸው ወይም ከታላቅ ወንድማቸው ጋር እየዞሩ ነው።

ሥራው የሚበዛውም የሚቀንሰውም በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር መሠረት ነው። የሠርግ ወቅት የሆኑት ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ጊዜና ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታት ብዙ ግብዣ የሚገኝባቸው ናቸው። በዐቢይ ጾም ሠርግም ዘፈንም ስለሚቀር አዝማሪው ወይ ወደ እርሻው ይመለሳል፣ ወይ በሌላ ሥራ ይተዳደራል፣ ወይም የውጭ ጎብኚ ወደሚያርፍባቸው ሆቴሎች ይሄዳል።

የጨዋታው አካሄድ

ዋናው መሣሪያ ማሲንቆ ነው። ማሲንቆ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር ያለው፣ አራት ማዕዘን ቅርፅ ባለው በቆዳ የተለበጠ ሣጥን ላይ የቆመና በደጋን የሚመታ መሣሪያ ነው። ብዙ ጊዜ ወንዱ ማሲንቆ እየመታ ሲዘፍን አብራው ያለች ሴት ትቀበላለች ወይም በተራዋ ትመራለች፤ አንዳንዴም ከበሮ ይጨመራል። ዜማው ከአራቱ የታወቁ ቅኝቶች፣ ማለትም ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፣ በአንዱ ላይ ይቆማል።

ጨዋታው የሚጀመረው በሰላምታና በምርቃት ነው። አዝማሪው ከቤቱ ባለቤት ይጀምርና ታዳሚውን አንድ በአንድ እያየ ያወድሳል። የተቀመጠውን ሰው ስም፣ አገሩን፣ ሥራውንና ዘመዱን ቀድሞ በጆሮው ያጣራል፤ አዲስ የገባ እንግዳ ካለም ከጎኑ ያለውን ሰው በጨዋታው መካከል ጠይቆ ይረዳል። ከዚያ ውዳሴው ወደ ቀልድ፣ ቀልዱም ወደ ትችት ይሸጋገራል። የግጥሙ ስንኝ አጭርና ቤት የሚመታ ስለሆነ በቦታው ለመፍጠር ይመቻል። በስንኝና በስንኝ መካከል ማሲንቆው ብቻውን የሚሰማበት ጊዜ አዝማሪው የሚቀጥለውን የሚያስብበት፣ ታዳሚውም የራሱን ግጥም የሚያዘጋጅበት ነው።

የምላሽ ዓይነቶች

ግጥም መስጠት

ከታዳሚው ምላሾች ሁሉ ለአዝማሪ ጨዋታ መለያ የሆነው ግጥም መስጠት ነው። አንድ እንግዳ «ተቀበል» ብሎ ድምፁን ከፍ ያደርግና ሁለት ወይም አራት ስንኝ ይናገራል። አዝማሪው ቃሉን ይዞ ከዜማው ጋር አዋሕዶ መልሶ ይዘፍነዋል። ስንኙ ከዜማው ቢረዝም ያሳጥረዋል፤ ቤት ባይመታ ያቃናዋል። ግጥም ሰጪው የተናገረው ነገር በአዝማሪው ድምፅ ሲመለስለት መሰማት በራሱ ክብር ነው።

ይህ ሥርዓት አንድ ሰው በፊት ለፊት ሊናገረው የማይችለውን ነገር በሌላ አፍ እንዲናገር ዕድል ይሰጣል። በአንድ ጠላ ቤት ውስጥ የተቀመጡ ሁለት የተቃቃሩ ሰዎች በአዝማሪው በኩል ሊወቃቀሱ ይችላሉ። አንዱ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ይዘፍነዋል፣ ሌላው በተራው «ተቀበል» ይላል። ፍቅሩን ለመግለጽ ያፈረ ወጣት፣ ዕዳውን ያልተከፈለ ነጋዴ፣ በሹመኛ የተበደለ ገበሬም ይህንኑ መንገድ ይጠቀማል። የተዘፈነው የአዝማሪው ቃል ስለሚባል ግጥም ሰጪው ከኃላፊነት በከፊል ነጻ ይሆናል። አዝማሪውም በበኩሉ «የሰጡኝን ተቀበልኩ» ሊል ይችላል። ኃላፊነቱ በሁለቱ መካከል ተከፋፍሎ ስለሚቀር ድፍረት የሚጠይቅ ነገር ይነገራል።

ሽልማት

ገንዘብ መስጠት «ሽልማት» ወይም «መሸለም» ይባላል። ሸላሚው ከመቀመጫው ተነስቶ የብር ኖት በአዝማሪው ግንባር ላይ ይለጥፋል፣ በአንገትጌው ውስጥ ያስገባል፣ ወይም በማሲንቆው ላይ ይሰካል። ሽልማቱ በሕዝብ ፊት የሚሰጥ ስለሆነ ለአዝማሪው ክፍያ፣ ለሸላሚው ደግሞ የቸርነቱ ምስክር ነው። አዝማሪው ወዲያው ስሙን ጠርቶ ያወድሰዋል፤ ይህን የሰማ ሌላ እንግዳም ላለመበለጥ ይነሳል። በአንድ ሰው ስም ላይ ብዙ ሰዎች እየተቀባበሉ ሲሸልሙ ጨዋታው ይረዝማል።

በገጠር ሠርግ ሽልማቱ ገንዘብ ብቻ አልነበረም። እህል፣ ልብስ ወይም በግ ይሰጥ ነበር፤ መሳፍንትና መኳንንት ደግሞ በቅሎና መሬት ጭምር ይሸልሙ ነበር። በአንጻሩ ንፉግ ሰው ቀስ ብሎ ይወጋል። አዝማሪው ስሙን ሳይጠራ ስለ ተዘጋ ኪስ ወይም ስለማይፈታ ቋጠሮ ይዘፍናል፤ ሌላው ታዳሚ ማን እንደ ተባለ አውቆ ይስቃል። ሰውየው ያለው ምርጫ ወይ መሸለም ወይ ሳቁን መቻል ነው።

እስክስታ፣ እልልታና ሽለላ

አካላዊ ምላሽ ከጭብጨባ ይጀምራል። ጭብጨባው የዜማውን ምት የሚይዝ ስለሆነ ከበሮ በሌለበት ቤት የከበሮን ሥራ ይሠራል። ሴቶች ውዳሴው ከፍ ሲል እልል ይላሉ። እስክስታ የሚወርድ ሰው ሲነሳ አዝማሪው ወደ እሱ ተጠግቶ ማሲንቆውን በትከሻው እንቅስቃሴ ልክ ያፈጥናል፤ ዳንሰኛው ሲቆም እሱም ያቆማል። እዚህ ላይ ተከታዩ አዝማሪው፣ መሪው ታዳሚው ይሆናል።

የጀግንነት ዜማ ሲነሳ ምላሹ ሽለላ፣ ቀረርቶና ፉከራ ነው። አንድ ሰው ዱላውን ይዞ ይነሳና ወዲያና ወዲህ እየተራመደ የራሱን ወይም የአባቶቹን ገድል ይቆጥራል። በጎንደርና በሰሜን አውራጃ ይህ ከጥንት የወታደር ሕይወት ጋር የተያያዘ ልማድ ነው። ስሜት የሚያግል በመሆኑም ቂም ያላቸው ሰዎች በአንድ ዳስ ካሉ ሽማግሌዎች ዜማው እንዲለወጥ አዝማሪውን ያዝዛሉ። ልምድ ያለው አዝማሪም ሳይታዘዝ አስቀድሞ ወደ ትዝታ ወይም ወደ ቀልድ ይመልሰዋል።

ሳቅና ዝምታ

የአዝማሪ ግጥም ብዙ ጊዜ በሰምና ወርቅ ወይም በኅብረ ቃል የተሠራ ነው። ሰሙ በላይ የሚሰማው ትርጉም፣ ወርቁ የተደበቀው ነው። ለምሳሌ «አልጋ» የሚለው ቃል መኝታም ዙፋንም ስለሆነ ስለ ተኛ ሰው የሚዘፍን መስሎ ስለ ገዢ መናገር ይቻላል። «ገና» የሚለው ቃል ሲጠብቅ የልደት በዓል፣ ሲላላ «ጊዜው አልደረሰም» ማለት ስለሆነ በዜማ ሲረዝም ሁለቱንም ሊሰጥ ይችላል።

ስለዚህ ሳቁ በአንድ ጊዜ አይመጣም። መጀመሪያ ፈጣኑ ይስቃል፤ የእሱን ሳቅ ሰምቶ ሌላው ያስባል፤ በመጨረሻም ወርቁን ከጎረቤቱ ጠይቆ የተረዳው ይስቃል። አዝማሪው የሳቁን ቅደም ተከተል ተከትሎ ታዳሚው ምን ያህል እንደሚከተለው ይለካል። ሁሉም ዝም ካለ ወይ ወርቁ አልተፈታም፣ ወይ ተፈትቶ አስፈርቷል። ሁለተኛው ዓይነት ዝምታ ለአዝማሪው ማስጠንቀቂያ ነው።

ታሪክ

በመሳፍንትና በነገሥታት ዘመን

መሳፍንት በዘመቻም በግብርም ጊዜ አዝማሪ ያስከትሉ ነበር። አዝማሪው ጌታውን ያወድሳል፣ ጠላቱን ያዋርዳል፣ ወታደሩን ያበረታታል። ታዳሚው ወታደር ስለሆነ ምላሹ ፉከራ፣ ውጤቱም ውጊያ ነበር።

ከዚህ ጋር የተያያዘው በጣም የታወቀው ታሪክ የደጃዝማች ካሣ ኃይሉ፣ ኋላ ዓፄ ቴዎድሮስ፣ ታሪክ ነው። በኅዳር 1845 ዓ.ም. ካሣና የጎጃሙ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ጉር አምባ ላይ ሲጋጠሙ የጎሹ አዝማሪ በካሣ ላይ የሚያላግጥ ግጥም እንደ ዘፈነ ይነገራል። ጎሹ ሞቶ ካሣ ሲያሸንፍ አዝማሪው ተይዞ ቀረበ። ለጥፋቱ ምን እንደሚገባው ሲጠየቅ በራሱ ላይ የሚፈርድ ግጥም በዚያው ገጠመ፤ በዱላም ተደብድቦ ሞተ ይባላል። ታሪኩ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ደጋግሞ የሚነሳው የአዝማሪ ግጥም ለአንዱ ታዳሚ ደስታ፣ ለሌላው ሞት የሚያስፈርድ ስድብ ሊሆን እንደሚችል ስለሚያሳይ ነው።

ካሣ ከዚህ በኋላ በየካቲት 1847 ዓ.ም. የሰሜኑንና የትግራዩን ገዢ ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ ድል አድርጎ፣ ውቤ ባሠራው በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ንጉሠ ነገሥት ተብሎ ተቀባ። የውቤ ግዛት በነበረው በሰሜን ምድር ጀርመናውያንም ይኖሩ ነበር፤ የዕፅዋት ተመራማሪው ዊልሄልም ሺምፐርና ሠዓሊው ኤድዋርድ ሳንደር በደረስጌ ቤተ ክርስቲያን ሥራ ላይ ተሳትፈዋል።

በጣልያን ወረራ ጊዜ

በጣልያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) አዝማሪዎች ከገበያ ወደ ገበያ እየዞሩ የአርበኞችን ወሬ ያዳርሱ ነበር። ወርቁን የሚፈታው አገሬው ብቻ ስለሆነ ወራሪው ባለበት መዝፈን ይቻል ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በማርሻል ግራዚያኒ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ በኋላ ግን ግራዚያኒ ጠንቋዮችን፣ ባሕታውያንንና ተዘዋዋሪ ዘፋኞችን የአገዛዙን መውደቅ የሚተነብዩ አደገኞች አድርጎ በመቁጠር እንዲገደሉ አዘዘ። ትእዛዙ የወጣው የዘፈኑን ትርጉም በሚገባ ስለ ተረዳ አይደለም፤ በሕዝቡ ላይ የሚያሳድረውን ስሜት ስላየ ነው።

በቴአትር መድረክ

ከጣልያን በኋላ አዝማሪዎች በአዲስ አበባ በመንግሥት ተቋማት ተቀጠሩ። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ የባህል ሙዚቃ ክፍል ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1963 በግብፃዊው ተወላጅ አቀናባሪ ሐሊም ኤል ዳብ የተመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ደግሞ ማሲንቆን፣ ክራርን፣ በገናንና ዋሽንትን በአንድ ላይ አሰለፈ። የቡድኑ አባል ማሲንቆ ተጫዋቹ ጌታመሳይ አበበ የዚህ ዘመን ታዋቂ ባለሙያ ነው። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ ተዘዋውሮ አሳይቷል።

መድረኩ የአዝማሪውንና የታዳሚውን ግንኙነት ለወጠው። አዝማሪው ከሰው መካከል ወጥቶ ከፍ ባለ ቦታ ቆመ፤ መብራት ስለሚመታው የተቀመጠውን ሰው ፊት አያይም፤ ግጥሙ አስቀድሞ ተጠንቶ የተፈቀደ ነው። ታዳሚው ትኬት ገዝቶ ስለ ገባ ሽልማት አይጠበቅበትም፤ ምላሹም በመጨረሻ ላይ በሚሰማ ጭብጨባ ተወሰነ። ሆኖም ልማዱ ፈጽሞ አልጠፋም። እስከ ዛሬ ድረስ በቴአትር ቤትና በአዳራሽ ዝግጅት ላይ ታዳሚ ወደ መድረክ ወጥቶ ድምፃዊን በግንባሩ ብር ለጥፎ ሲሸልም ይታያል።

በደርግ ዘመንና ከዚያ በኋላ

በደርግ ዘመን የምሽት ሰዓት እላፊ የመሸታ ቤት ጨዋታን አዳከመ፤ የኪነት ቡድኖችም የአገዛዙን መልእክት በባህል ዜማ ያሰሙ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሰዓት እላፊው ሲነሳ በአዲስ አበባ፣ በተለይ በካዛንቺስ፣ «አዝማሪ ቤት» የሚባሉ ማምሻዎች በብዛት ተከፈቱ። በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከወሎ የመጡ አዝማሪዎች ተሰባሰቡ። ተወዛዋዡ መላኩ በላይ የመራው ፈንድቃ ከእነዚህ ቤቶች አንዱ ሆኖ ተነሥቶ በውጭ አገርም ታዋቂ ሆነ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» የተባለው የሸክላና የሲዲ ተከታታይ ለከተማ አዝማሪዎች ሁለት ቅጾችን ሰጥቷል። የአንደኛው ርእስ «ተጫወት!» የሚለው የታዳሚው ጥሪ ነው።

የውጭ አገር ታዳሚ

የኢትዮጵያ ዘፈን ከአገር ውጪ ካገኛቸው ቀደምት አድማጮች መካከል ጀርመናውያን ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ1906 በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን የአክሱም ጉዞ አባላት በፎኖግራፍ ዜማዎችን ቀርጸው ወደ በርሊን ወስደዋል። እ.ኤ.አ. በ1908 ደግሞ ዳግማዊ ምኒልክ ተሰማ እሸቴን ወደ ጀርመን ላኩ። ኋላ ነጋድራስ የተባለው ተሰማ በግጥምና በዘፈን ችሎታው የታወቀ ሰው ስለ ነበር በዚያው በነበረበት ጊዜ ዘፈኖቹ በሸክላ ተቀረጹ። እነዚህ ሸክላዎች የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ንግድ ሸክላዎች ተብለው ይታወቃሉ። ሸክላው ዘፈኑን ለብዙ ሰው አደረሰ፤ ነገር ግን ሰሚው ግጥም የማይሰጥበት፣ የማይሸልምበትና ዘፋኙ ፊቱን የማያይበት አዲስ ዓይነት ታዳሚነት አብሮት መጣ።

በደባርቅ የውጭ ታዳሚ የበዛው ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጋር ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 በሕግ ተቋቁሞ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሠፈረ። ወደ ሳንቃበር፣ ወደ ግጭና ወደ ጨነቅ የሚሄድ ጎብኚ ሁሉ ደባርቅ ላይ ይመዘገባል፤ መሪና ጥበቃ የሚይዘውም እዚያው ነው። አዝማሪዎችም ጎብኚ በሚያርፍባቸው ሆቴሎች ይጫወታሉ።

ይህ ታዳሚ አማርኛ ስለማይሰማ የጨዋታው ሚዛን ይለወጣል። አዝማሪው የጎብኚውን ስምና አገር ጠይቆ በግጥሙ ውስጥ ያስገባል፤ እንግዳው ስሙን ብቻ ሰምቶ ይስቃል። ወርቁን የሚሰሙት አስጎብኚው፣ አስተናጋጆቹና በጓሮ የተቀመጡት የአገሬው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓይነት ሳቅ ይሰማል፤ አንዱ ስለ እንግዳው፣ ሌላው ከእንግዳው ጋር። አስተርጓሚው ሁሉንም ቢተረጉም ሊያስቀይም፣ ባይተረጉም ደግሞ እንግዳውን ከጨዋታው ሊያስወጣው ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ውዳሴውን ተርጉሞ ቀልዱን ያልፈዋል። በገንዘብም በኩል አለመግባባት ይፈጠራል። ጎብኚው ጨዋታውን የሆቴሉ መስተንግዶ አድርጎ ቆጥሮ ሳይሸልም ፎቶ ሲያነሳ፣ አዝማሪው ግን የሚኖረው በሽልማቱ ነው። ግንባር ላይ ብር መለጠፍም ለአንዳንድ የውጭ ሰዎች ውርደት መስሎ ስለሚታያቸው በእጁ ሊሰጡት ይሞክራሉ፤ ለአገሬው ሰው ግን በሕዝብ ፊት ያልታየ ሽልማት ክብሩ የጎደለ ነው።

ከሌሎች ትርኢቶች ጋር ንጽጽር

ታዳሚን የሚያሳትፍ ትርኢት በሌላው ዓለምም አለ። ለምሳሌ በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት በዊልያምስበርግ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1975 የተከፈተው ቡሽ ጋርደንስ የመዝናኛ መናፈሻ በአውሮፓ አገሮች አምሳያ የተከፋፈለ ሲሆን፣ በጀርመን ሠፈሩ ውስጥ ፌስትሃውስ የሚባል ትልቅ የምግብና የመጠጥ አዳራሽ አለ። በመካከሉ ባለው መድረክ ላይ የጀርመን ባቫርያ ልብስ የለበሱ ሙዚቀኞችና ዳንሰኞች ሲያሳዩ ቆይተዋል። ተመልካቹ በረጅም ጠረጴዛ ላይ እየበላና እየጠጣ በመሪው ጥሪ ያጨበጭባል፣ ብርጭቆ ያነሳል፣ ተጠርቶም ይጨፍራል።

ሁለቱ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ በሁለቱም ምግብ፣ መጠጥና ሙዚቃ አንድ ላይ ናቸው፣ ዝም ብሎ መቀመጥም አይበረታታም። ልዩነታቸው ምላሹ በሚሠራው ሥራ ላይ ነው። በመናፈሻው ትርኢት የተመልካቹ ምላሽ አስቀድሞ የታቀደ ነው፤ ያጨብጭብም ዝም ይበልም ትርኢቱ በሰዓቱ ጀምሮ በሰዓቱ ያልቃል፣ ደመወዙም አይለወጥም። በአዝማሪ ጨዋታ ግን ግጥሙም፣ ርዝመቱም፣ ገቢውም ከምላሹ ይመጣል። በተጨማሪም የመናፈሻው ተመልካች የሚሳተፈው በሌላ አገር ባህል አምሳያ ውስጥ በእንግድነት ሲሆን፣ የዳባት ወይም የደባርቅ ታዳሚ ግን የሚሰማው ስለ ራሱ፣ ስለ ጎረቤቱና ስለ ገዢው ነው፤ በማግስቱም ከሰማው ሰው ጋር ገበያ ላይ ይገናኛል። የደባርቅ ሆቴል ጨዋታ በሁለቱ መካከል ይገኛል፤ ቦታው የአዝማሪው አገር ቢሆንም ታዳሚው እንግዳ ነው።

የአዝማሪው ማኅበራዊ ቦታ

ታዳሚው አዝማሪን በጨዋታ ጊዜ ቢያከብረውም ከጨዋታ ውጪ ብዙውን ጊዜ ዝቅ አድርጎ ሲያየው ኖሯል። አዝማሪዎች በአብዛኛው እርስ በርሳቸው ይጋቡ ነበር። በመካከላቸው ብቻ የሚግባቡበት የሙያ ቋንቋም አላቸው፤ የሴም ቋንቋዎች ተመራማሪው ዎልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ ካጠናቸው የኢትዮጵያ ልዩ ቋንቋዎች አንዱ ይህ ነው። ቋንቋው በታዳሚ ፊት ስለ ታዳሚው ለመነጋገር ያገለግላል፤ ማን እንደሚሸልም፣ ማን እንደ ተቆጣ፣ መቼ ወጥቶ መሄድ እንደሚገባ በእሱ ይነጋገሩበታል።

ጃፓናዊው የሥነ ሰብ ተመራማሪና የፊልም ባለሙያ ኢትሱሺ ካዋሴ በጎንደር የአዝማሪ ልጆች ከተማ ውስጥ እየዞሩ ሲሠሩ የሚያሳይ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2006 ሠርቷል። በፊልሙ ሕፃናቱ ታዳሚ መምረጥን፣ ማግባባትንና እምቢታን መቻልን ከሙዚቃው ጋር አብረው ሲማሩ ይታያል።

የአሁኑ ሁኔታ

ካለፉት ዓመታት ወዲህ የሰሜን ተራሮች አካባቢ አዝማሪዎች ሁለቱንም ታዳሚዎቻቸውን በአንድ ጊዜ ሲያጡ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ የውጭ ጎብኚን አስቀረ፤ ሠርግና ስብሰባም ተገደበ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት በዚያው ዓመት መጨረሻ እስከ ዳባትና ደባርቅ ወረዳዎች ደርሶ ሕዝብ አፈናቀለ፣ ሰውም አለቀ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭትም የመንገድ ጉዞንና የምሽት እንቅስቃሴን አስቸጋሪ አድርጓል። ዞሮ ለሚያድር ባለሙያ የመንገድ መዘጋት ማለት የሥራ መዘጋት ነው። ሐዘን በገባበት መንደር ሠርጉ ያለ ዘፈን ያልፋል።

በሌላ በኩል የድምፅ ማጉያ፣ የኤሌክትሪክ ኦርጋንና የስልክ ካሜራ ጨዋታውን እየለወጡት ነው። በማጉያ የተሞላ አዳራሽ ውስጥ «ተቀበል» የሚል ድምፅ በቀላሉ አይሰማም። በስልክ የተቀረጸ ግጥም ደግሞ ከተነገረበት ቤት ወጥቶ ላልተገኘ ሰው ይደርሳል። ቀድሞ በአንድ ጠላ ቤት ተነግሮ በሳቅ የሚያልቀው ነቀፋ አሁን መረጃ ሆኖ ስለሚቀር አዝማሪዎችም ግጥም ሰጪዎችም ይበልጥ ይጠነቀቃሉ። በአንጻሩ በማኅበራዊ መገናኛ የተሠራጨ ጨዋታ በውጭ አገር ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሽልማትና ግብዣ ያስገኛል፤ አዝማሪውም ያላየውን ሰው በስሙ እየጠራ ያወድሳል።

አዝማሪነትን የሚያጠኑ ሰዎች ሙያውን ለመጠበቅ ማሲንቆውንና ዜማውን ማስተማር ብቻውን እንደማይበቃ ያመለክታሉ። ዜማው በትምህርት ቤት ሊሰጥ፣ መሣሪያውም በሙዚየም ሊቀመጥ ይችላል። ወርቁን የሚፈታ፣ ግጥም የሚሰጥና በሰው ፊት ተነስቶ የሚሸልም ታዳሚ ግን የሚገኘው ሰዎች በሰላም ተሰብስበው በሚጫወቱበት ቦታ ብቻ ነው።